የተወደደን ዘር መጠገን፦ የፎገራ ሩዝና የዘረመል ምልክቶች ታሪክ

ግልገል አባይ ከግሽ አባይ ተነሥቶ ጣናን ከደቡብ በኩል ይመግባል። በምሥራቅ በኩል ደግሞ ከጉና ተራራ የሚወርዱት ርብና ጉማራ ወደ ሐይቁ የሚገቡት ውኃ ብቻ ይዘው አይደለም፤ አፈርም ይዘው ነው። ሁለቱ ወንዞች ዘመናት ሙሉ ሲያጓጉዙት የኖሩት ደለል የፎገራን ሜዳ ፈጥሯል። ሜዳው ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ፣ ክረምት ውኃ የሚተኛበት፣ በጋ የሚሰነጣጠቅ ዋልካ ነው። ሩዝ ከመምጣቱ በፊት ገበሬው ረግረጉን የሚጠቀምበት በሁለት መንገድ ነበር። ሣሩ በወተቷ ለታወቀችው የፎገራ ላም ግጦሽ ይሆናል፤ ውኃው ሲሸሽ ደግሞ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽምብራ ይዘራበታል። በሐይቁና በወንዞቹ ዳርቻ ግን ማንም ያልዘራው ተክል በራሱ ይበቅል ነበር፤ የዱር ሩዝ። በሳይንስ ስሙ ኦራይዛ ሎንጊስታሚናታ የሚባለው ይህ ተክል ጋምቤላም ውስጥ ይገኛል። ፍሬው ገና ሲበስል ይረግፋል፣ ሥሩ ከመሬት በታች እየተሳበ ይዛመታል፤ ስለዚህ አራሹ የሚያየው እንደ አረም ነው። የዚህን ሜዳ የሩዝ ታሪክ በቅደም ተከተል የተከታተለ ሰው አንድ መደምደሚያ ላይ ይደርሳል ብዬ አምናለሁ። የዘረመል ምልክት የተባለው የዘመናችን መሣሪያ ለፎገራ የሚበጀው ገበሬው የወደደውን ዘር ለመተካት ሳይሆን ጉድለቱን ለመሙላት ሲውል ነው። ምርምሩ በብዙ አገር የተካሄደ በመሆኑ ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር አስቀምጣለሁ።

የዘመናዊው ሩዝ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በ1966 ነው። በዚያ ዓመት ፊሊፒንስ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ተቋም አይአር8 የተባለውን አጭር ቁመት ያለው ዝርያ ለገበሬ አቀረበ። የቀድሞዎቹ ረጃጅም ዝርያዎች ማዳበሪያ ሲያገኙ ዛላቸው እየከበደ ይጋደሙ ነበር፤ አይአር8 ግን ቆሞ ያፈራል። ይህ ሁሉ የተገኘው ያለ ምንም የዲኤንኤ ንባብ፣ ሁለት ወላጆችን አዳቅሎ ከልጆቻቸው መካከል በዓይን እየለዩ በመምረጥ ነው። አጭር ቁመት ለዓይን ይታያል፤ ስለዚህ ዓይን በቂ ነበር። ይሁንና አንድ ተክል ብርድ መቻሉ የሚታወቀው ብርድ ሲመጣ፣ ጎርፍ መቻሉም ጎርፍ ሲተኛበት ብቻ ነው። ብርድ በሌለበት ዓመት ብርድ የሚፈራውና የማይፈራው ጎን ለጎን አምረው ይቆማሉ፤ መራጩም ሁለቱን መለየት አይችልም። አንድ ዝርያ ከማዳቀል እስከ ገበሬ እጅ ለመድረስ አሥር ዓመት ገደማ የሚወስደው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

ፎገራ ሩዝን ያወቀው በደርግ ዘመን ነው። የሰሜን ኮሪያ የግብርና ባለሙያዎች ረግረጉን አይተው ሩዝ እንደሚስማማው ገመቱና በጅግናና በሻጋ የገበሬ አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ማሳ ላይ አስዘሩት። ከዚያ ዘር መካከል በቦታው ሥር የሰደደው በቀበሌው ስም ኤክስ ጅግና ተባለ። ማኅበራቱ ብዙ አልቆዩም። በ1990 የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ በመላ አገሪቱ እንደነበሩት አብዛኞቹ ማኅበራት ፈረሱ፣ በዓመቱም ሥርዓቱ ራሱ ወደቀ። ሩዙ ግን ከማኅበሩ ጋር አልፈረሰም። ከላይ የመጡ ብዙ የእርሻ ዘመቻዎች ካዘዛቸው አካል ጋር አብረው ሲጠፉ ይህ የቀረበትን ምክንያት ማጤን ይገባል። ውኃ ለተኛበት መሬት ክረምቱን ሙሉ የሚሆን ሌላ እህል አልነበረም። ፍሬው ነጭ ስለሆነ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ይወጣዋል፤ ጠላና አረቄም ይሠራበታል። ጭዱን ከብቱ ይበላዋል፤ ግጦሹን ለሩዝ ለለቀቀ አርሶ አደር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በባሕር ዳርና በጎንደር መካከል በምትገኘው ወረታ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎች ተተከሉ፣ ነጋዴም መጣ። ከሁሉ በላይ ዘሩ የጥቅምትን ሌሊት ይችላል። ሩዝ በመሠረቱ የሞቃት አገር ተክል ነው፤ ዛላው ገና በቅጠል ተጠቅልሎ ሳለ ሌሊቱ በጣም ከቀዘቀዘ የአበባው ብናኝ ይመክንና ዛላው ፍሬ ሳይዝ ይቀራል። ከሰሜን ኮሪያ ሰዎች ጋር የመጣ ዘር ቅዝቃዜ መልመዱ አያስደንቅም። ለዚህ ቦታ አስቦ ያዳቀለው ተመራማሪ አልነበረም፤ ቦታውና ገበሬው ግን መረጡት።

ጅግና ላይ ይህ ሲሆን በሌላው ዓለም የሩዝን ውስጥ የማንበብ ሥራ ተጀምሮ ነበር። በ1988 በአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሱዛን ማኩችና ባልደረቦቻቸው በሩዝ 12 ክሮሞሶሞች ላይ የተዘረጋ የመጀመሪያውን የዲኤንኤ ምልክቶች ካርታ አሳተሙ። ምልክት ማለት ምን እንደሆነ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ አለመግባባት የሚመነጨው ከዚህ ነውና። ሁለት የሩዝ ዝርያዎች ዲኤንኤያቸው በአብዛኛው ቦታ አንድ ዓይነት ሆኖ እዚህም እዚያም ይለያያል። ከልዩነቶቹ መካከል ቦታው የታወቀና በላቦራቶሪ በቀላሉ የሚነበብ ሲገኝ ምልክት ይባላል። ምልክቱ ራሱ ብርድ አያስችልም፣ በሽታም አይከላከልም። የድንበር ድንጋይ ማሳው ራሱ እንዳልሆነ ሁሉ ምልክቱም ተፈላጊው ጂን አይደለም፤ ድንጋዩን ያገኘ ሰው ግን ማሳው የት እንደሚጀምር ያውቃል። ድንጋዩ ከማሳው በራቀ መጠን የማሳሳት ዕድሉ ይጨምራል፤ በየማዳቀሉ ክሮሞሶሞች ቁራሽ ስለሚለዋወጡ ምልክቱና ጂኑ ሊለያዩ ይችላሉ። በአጠገቡ የተገኘ ምልክት ግን ትልቅ ነገር ያስችላል። ከቡቃያው ቁራጭ ቅጠል ወስዶ ዲኤንኤውን በማንበብ ብርድ ወይም ጎርፍ ሳይጠብቁ የትኛው ተክል ጂኑን እንደወረሰ ማወቅ ይቻላል። የቀረው ቡቃያ ገና ችግኝ ሳለ ይወገዳል።

የዚህን መንገድ ኃይል ቀድሞ ያሳየው የዱር ሩዝ መሆኑን ለጣና ዳር አንባቢ ልዩ ትርጉም ይኖረዋል ብዬ አነሣዋለሁ። በፊሊፒንሱ ተቋም ጉርዴቭ ኩሽና ባልደረቦቻቸው ከማሊ የተሰበሰበን ሎንጊስታሚናታ ከተለመደው ሩዝ ጋር አዳቅለው በእስያ ማሳዎችን የሚያደርቀውን የባክቴሪያ በሽታ የሚቋቋም ባሕርይ ወደ እርሻው ሩዝ አሻገሩ። በ1995 በካሊፎርኒያ የፓሜላ ሮናልድ የምርምር ቡድን ኤክስኤ21 የተባለውን ጂን ለይቶ አወጣ። ከዚያ ወዲህ የህንድ ተመራማሪዎች በምልክት እየተመሩ ይህን ጂን ከሌሎች ሁለት ጋር አንድ ላይ ሳምባ ማሱሪ በተባለው ተወዳጅ ዝርያቸው ውስጥ አስገብተውታል። ጂኑ የተገኘው በጣና ዳር አረም ተብሎ ከሚነቀለው ተክል ዘመድ፣ ከዚያው ከአንዱ ዝርያ ነው።

በአገራችን ከባሕር ዳር በስተደቡብ የሚገኘው የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከል በ1990ዎቹ መጨረሻ ከውጭ የመጡ ዝርያዎችን በፎገራ ፈትኖ ጉማራና ቆቂት የተባሉትን አቀረበ። ቀጥሎ የመጣው የኔሪካ ዘመን ነው። በምዕራብ አፍሪካ የሩዝ ልማት ማኅበር የሴራሊዮኑ ተወላጅ ሞንቲ ጆንስ የእስያን ሩዝ ከአፍሪካ ሩዝ ጋር አዳቅለው፣ በተፈጥሮ መንገድ የሚመክነውን ፅንስ በላቦራቶሪ አሳድገው አዳዲስ ዝርያዎችን አገኙ፤ ለዚህም ሥራቸው በ2004 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተካፈሉ። በኢትዮጵያ ኔሪካ-3 እና ኔሪካ-4 በ2006 ለገበሬ ተለቀቁ። በዝናብ ብቻ በሚለማው፣ ውኃ በማይተኛበት ደረቅ መሬት፣ እንደ ፓዌ፣ ጉራፈርዳና ጨዋቃ ባሉ ቆላማ አካባቢዎች ጠቅመዋል፤ ይህን መካድ አይገባም። የፎገራን ረግረግ ግን አልወረሱም። ለረጅም ዓመታት ሰፊውን የፎገራ ማሳ ሸፍኖ የቆየው ያው ኤክስ ጅግና ነበር። ይህን በገበሬው ግትርነት ማመካኘት ስህተት ይመስለኛል። ከሰሜን ኮሪያ የመጣን ባዕድ እህል በአንድ ትውልድ ውስጥ እንጀራው ያደረገ ሰው አዲስ ነገር አይጠላም። የሚጠብቀው ነገር ነበረው፦ ብርድ የሚችል፣ ነጭ፣ ለእንጀራ የሚሆን፣ ጭዱ የሚበላ። አዲሱ ዘር ከእነዚህ አንዱን እንኳ ካጎደለ በኩንታል ብልጫው ብቻ አይካስም።

በዚያው በ2006 ክረምት ሁለት ነገሮች ተገጣጠሙ። ጣና ሞልቶ፣ ርብና ጉማራም ገንፍለው በፎገራና በሊቦ ከምከም ሰዎችን ከቤታቸው አፈናቀሉ፣ ማሳዎችም ውኃ ውስጥ ገቡ። በነሐሴ ወር ደግሞ ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት ሩዝን ከውኃ በታች በሕይወት የሚያቆየውን ሰብ1ኤ ጂን ያበሠረውን ጥናት አሳተመ። ኬኖንግ ሹና ዴቪድ ማክኪል ጂኑ ያለበትን፣ ሰብ1 የተባለውን ስፍራ በዘጠነኛው ክሮሞሶም ላይ በምልክት የለዩት ቀደም ብለው በ1996 ነበር። ምንጩ ከህንድ ኦዲሻ የተገኘ፣ ኤፍአር13ኤ የተባለ ነባር ሩዝ ነው። ይህ ሩዝ ሲሰጥም እንደሌሎቹ ለመርዘም አይጣደፍም፤ እድገቱን ገትቶ ጉልበቱን ይቆጥብና ውኃው ሲሸሽ ይቀጥላል። ምርቱ ግን ዝቅተኛ ነው፣ ጥራቱም አይወደድም። ተመራማሪዎቹ በዚህ ጊዜ የወሰኑት ውሳኔ የዚህ ጽሑፍ ዋና ማስረጃ ነው። አዲስ ዝርያ ፈጥረው ህንዶች ይቀበሉት ዘንድ አልሰበኩም። በምሥራቅ ህንድ ሚሊዮኖች የሚዘሩትን ስዋርና የተባለ ዝርያ ወስደው፣ ከኤፍአር13ኤ ዘር ጋር አዳቅለው፣ ልጆቹን ደጋግመው ከስዋርና ጋር መልሰው አዳቀሉ። በተለመደው ስሌት የመጀመሪያው መልሶ ማዳቀል በአማካይ 75 በመቶ፣ ሁለተኛው 87.5 በመቶ፣ ሦስተኛው ወደ 94 በመቶ ስዋርና ይሰጣል፤ ወደ 99 በመቶ ለመድረስ ስድስት ጊዜ መድገም ያስፈልጋል። ከአማካዩ የሚበልጡትንና የሚያንሱትን ለይቶ የሚያሳይ ምልክት የያዘ ሰው ግን ሰብ1ን የወረሱትንና በቀረው ሁሉ ይበልጥ ስዋርና የሆኑትን በየትውልዱ መርጦ በሁለት ወይም በሦስት ዙር ይጨርሳል። ስዋርና-ሰብ1 በ2009 ህንድ ውስጥ ተለቀቀ፣ ውኃ ውስጥ እስከ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ገበሬው የለመደው ፍሬ፣ የለመደው ጣዕም፣ የለመደው የመዝሪያና የማጨጃ ጊዜ አልተነካበትም፤ የተጨመረለት ጎርፍን መቋቋም ብቻ ነው።

በእነዚያ ዓመታት በኢትዮጵያ የሩዝ ጉዳይ በመንግሥት ደረጃ ክብደት አገኘ። ሩዝ የሚሊኒየም ሰብል ተባለ፤ በ2010 የወጣው አገር አቀፍ የሩዝ ምርምርና ልማት ስትራቴጂ በዝናብ ብቻ ለሩዝ የሚስማማ 30 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ መሬት እንዳለ ገመተ። ወረታ አጠገብ የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቋመ፤ የጃፓን መንግሥትም በቴክኒክ ትብብሩ ደገፈው። ከማዕከሉ እንደ ሻጋ ያሉ ዝርያዎች ወጥተዋል። እነዚህን አከብራለሁ፤ ተመርጠው የወጡት እዚያው በፎገራ ብርድ ተፈትነው በመሆኑ ከቀደሙት ይልቅ ለቦታው ይቀርባሉ። የአገሪቱ አማካይ ምርት ግን በሄክታር 30 ኩንታል አካባቢ ነው፤ የዓለም አማካይ ከ45 ኩንታል ይበልጣል፣ አገሪቱም ብዙ ሩዝ ከውጭ ትገዛለች። ኤክስ ጅግና ያረጀባቸው ጎኖች ይታወቃሉ። ዘሩ ከዓመት ዓመት ሲዘራ ከሌላ ጋር ተደባልቋል፤ ዛላውን የሚያቅፈውን ቅጠል የሚያበሰብሰው በሽታ ያጠቃዋል፤ ብርዱ በሚጸናበት ዓመት እርሱም ፍሬ ያጣል።

እንግዲህ በ2017 ከቻይና የወጣው ግኝት ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። የኩንሚንግ አካባቢ ነባር ሩዝ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል ወደ 1,900 ሜትር በሚጠጋ ደጋ ላይ ዘመናትን ከኖረ ዘር፣ ተመራማሪዎች ሲቲቢ4ኤ የተባለ ጂን ለዩ። ጂኑ የሚሠራው ፎገራ በሚቸገርበት በዚያው ወቅት፣ ዛላው በቅጠል ተጠቅልሎ ሳለ ነው። የኩንሚንግና የፎገራ ከፍታ ተቀራራቢ ነው፤ ያንን ጂን በምልክት እየተመሩ ወደ ኤክስ ጅግና ወይም ወደ ሻጋ ማሻገር፣ መጀመሪያም እነርሱ ውስጥ ቀድሞ ይኖር እንደሆነ ማንበብ፣ ከሕልም የራቀ ሥራ አይደለም። ሆለታ ብሔራዊ የግብርና ባዮቴክኖሎጂ ምርምር ማዕከል አለ፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የባዮቴክኖሎጂ ተቋም አለው።

በዚህ ላይ የሚነሡት መቃወሚያዎች ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያውና ከባዱ ከአዳቃዮች ከራሳቸው የሚመጣ ነው። ምርት የአንድ ጂን ሥራ አይደለም፤ እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት የሚጨምሩ እጅግ ብዙ ጂኖች ድምር ነው፣ በየቦታውና በየዓመቱም ይለዋወጣል፤ ስለዚህ በጥቂት ምልክቶች ምርት ማሳደግ አይቻልም ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ በርካታ የምርት ጂን ፍለጋዎች በአንድ ላቦራቶሪ አምረው በሌላ ማሳ ከስመዋል። ነገር ግን ፎገራ ላይ ምርቱን ዝቅ ያደረገው ዘሩ ብዙ ማፍራት አለመቻሉ ብቻ አይደለም። ሊያፈራ የነበረውን ብርድ፣ ጎርፍና በሽታ ይወስዱታል። ለእነዚህ ደግሞ ትልቅ ኃይል ያላቸው ጥቂት ጂኖች በሌላ አገር ተገኝተዋል። ስለዚህ ምልክት በፎገራ ምርት የሚጨምረው የሚጠፋውን በማስቀረት ነው። ገደቡንም መናገር ይገባል፦ ርብና ጉማራ የሚያመጡት ውኃ በደለል የደፈረሰ ነው፣ በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ብርሃን ስለሚያንስ ሰብ1 እንኳ በጠራ ውኃ ውስጥ እንደሚሠራው አይሠራም። ስለዚህ በፎገራ ማሳ ሳይፈተን የህንዱን ውጤት ቃል በቃል መጠበቅ አይቻልም።

ሁለተኛው መቃወሚያ ፍርሃት ነው፤ ይህ ልውጠ ሕያው አይደለም ወይ ይላሉ። አይደለም። የውጭ ጂን በላቦራቶሪ አይገባበትም፤ አበባ ከአበባ ይዳቀላል፣ ንባቡ የሚያገለግለው ለመምረጥ ብቻ ነው። በ2009 የወጣውና በ2015 የተሻሻለው የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ የሚመለከተው ሌላ ነገርን ነው። ሦስተኛው ወጪ ነው። ምልክት ማንበብ ገንዘብ፣ ኬሚካልና የማይቋረጥ መብራት ይጠይቃል። ነገር ግን ብዙ አገሮች እንደሚያደርጉት ቅጠሉን አድርቆ ንባቡን ወደ ትልቅ ላቦራቶሪ ልኮ ማሠራት ይቻላል፤ በማሳ ላይ አሥር ክረምት መጠበቅም ራሱ ወጪ አለው። አራተኛውን ግን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ጥሩ ዘር በቂ ዘር ካልሆነ ከንቱ ነው። ገበሬው ዛሬም ሩዙን በአብዛኛው እንደ ጤፍ በትኖ ይዘራል፣ አረሙን በእጁ ይነቅላል፤ ንጹሕ ዘር በብዛት ካልተባዛ የተጠገነው ኤክስ ጅግናም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአሮጌው ጋር ይደባለቃል። ምልክቱ ግን ለዚህም ይረዳል፤ የዘር አባዢው ማሳ ውስጥ ያለው ሩዝ በእርግጥ ያው ዝርያ መሆኑን በቅጠል ንባብ ማረጋገጥ ይቻላልና።

የመጨረሻው መቃወሚያ ሩዙ ራሱ እየበላው ስላለው ነገር ነው፣ የሚያሳስበኝም እርሱ ነው። ሩዝ ሲስፋፋ የፎገራ ላም ግጦሿ ጠበበ፤ የሐይቁ ዳር እስከ ውኃው ጫፍ ታረሰ፤ ከ2011 ወዲህ ደግሞ እምቦጭ ጣናን ወረረ። በዚህ ሁሉ መካከል የዱር ሩዙ ቦታ እየጠፋ ነው። ቻይናውያን ሎንጊስታሚናታን ከእርሻ ሩዝ ጋር አዳቅለው፣ ከመሬት በታች የሚሳበውን ሥሩን የሚመሩትን ጂኖች ካርታ አውጥተው፣ አንዴ ተተክሎ ለተከታታይ ዓመታት የሚታጨድ ሩዝ አግኝተዋል፤ ፒአር23 የተባለው በ2018 በዩናን ተለቋል። የጣናው የዱር ሩዝ ከእነርሱ ናሙና የሚለየው የኖረው 1,800 ሜትር ላይ፣ የጥቅምትን ሌሊት እየቻለ መሆኑ ነው። በውስጡ ለብርድ የሚሆን ምን እንዳለ የሚታወቀው በዘር ባንክ ተሰብስቦ፣ በምልክት ተነብቦ፣ ከፎገራ ሩዝ ጋር ሲዳቀል ነው። የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ከ1976 ጀምሮ ዘር ሲሰበስብ የኖረ ተቋም በመሆኑ ለዚህ ልምዱ አለው። ከሐይቁ ዳርቻ ላይ ጥቂት ሄክታር እንኳ ከማረሻ ነጻ አድርጎ ዱር ሩዙ ባለበት እንዲቆይ ማድረግ ደግሞ የክልሉና የወረዳዎቹ ድርሻ ነው፤ በዘር ባንክ ያለው ዘር እንደተቀመጠበት ቀን ሆኖ ይቆያል፣ በቦታው ያለው ግን ከአየሩና ከበሽታው ጋር እየተለወጠ ይሄዳልና።